የፐርሽሮን ፈረስን እንዴት መለየት ይቻላል?

ፐርሽሮን በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ፔርሽ በሚባለው አገር የተገኘ የጉልበት ፈረስ ነው። መኪና ሳይመጣ በፊት የፖስታ ሠረገላና የፓሪስን የሕዝብ ማመላለሻ ጋሪ ይጎትት ነበር። ሻየርና ክላይድስዴል ከተባሉት የብሪታንያ የጉልበት ፈረሶች ጋር የሚያምታታው ብዙ ነው።

1. ከእግሩ ይጀምሩ። ሰው ቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው፤ ግራጫ ሻየርም አለና። ሻየርና ክላይድስዴል ከጉልበታቸው በታች ሰኮናቸውን የሚሸፍን ረጅም ፀጉር አላቸው። የፐርሽሮን ቅልጥም ግን ገላጣ ነው፤ ስለዚህ ጭቃ ብዙ አይዝም፣ ቁስል ካለም ቶሎ ይታያል። ባለቤቱ ፀጉሩን ቆርጦት ሊሆን ስለሚችል በእጅዎ ይዳስሱ፤ የተቆረጠ ፀጉር ይሻክራል።

2. ቀለም። ግራጫ ወይም ጥቁር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ዳማም ይመዘገባል። ዳማ ሆኖ ጋማው ከነጣ ግን ቤልጂያን የተባለውን ዝርያ ይጠርጥሩ። ግራጫው ጠቆር ብሎ ተወልዶ በየዓመቱ እየነጣ ስለሚሄድ፣ በውርንጭላ ቀለም አይፍረዱ። በዓይኑ ዙሪያ ነጫጭ ፀጉር ካዩ ወደ ግራጫ እየተለወጠ ነው።

3. ጭንቅላት። ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ የፊቱ መስመር ቀጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ732 ፈረንሳይ ውስጥ ከሙስሊም ጦር ጋር በተደረገው የፑአቲዬ ጦርነት ከተማረኩ የዓረብ ፈረሶች ይወለዳል የሚባለው ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው።

4. ልኬት። ከመሬት እስከ ትከሻው ከፍታ ከ155 እስከ 185 ሴ.ሜ. ገደማ ይደርሳል። ክብደቱን በዓይን መገመት ብዙ ጊዜ ያሳንሰዋል፤ የትል መድኃኒትም በዚያው ልክ ያንሳል። ሜትሩን ከፊት እግሮቹ ኋላ በደረቱ ዙሪያ ያዙሩ፤ ትንፋሹን ሲያስወጣ ያንብቡ። ሆዱ ላይ ከተንሸራተተ ቁጥሩ ይጋነናል። ቀጥሎ ከፊተኛው የትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ አባዝተው ለ11,880 ያካፍሉ። ዙሪያው 235፣ ርዝመቱ 185 ሴ.ሜ. ከሆነ 860 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል።

5. መዝገብ። ክልስ ፈረስ ይህን ሁሉ አሟልቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የዘር ሐረግ ወረቀቱን ይጠይቁ። የፈረንሳዩ የዘር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1883 ኖዣን ለ ሮትሩ በምትባለው የፔርሽ ከተማ ተጀመረ፤ የዛሬዎቹ ፐርሽሮኖች ሁሉ የዘር ሐረግ ዣን ለ ብላን ከተባለ ድንጉላ ይመዘዛል።