የአፕል ዛፉ አብቦ ፍሬ አልይዝ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎም ሆነ ካዛንቺስ፣ ግቢያቸው ውስጥ አፕል የተከሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ይኸው ነው፤ «ዛፉ በአበባ ተሸፍኖ ነበር፣ ፍሬው የት ገባ?» ብዙዎች ወዲያው ማዳበሪያ ይጨምራሉ። በደንብ ላበበ ዛፍ ግን ብዙውን ጊዜ የጎደለው የአበባ ዱቄት የሚሰጠው ጓደኛ ነው።

አበባው ሙሉ ነበር፣ ሁሉም ረገፈ

መጀመሪያ ዝርያውን ይወቁ። አፕል በራሱ ዱቄት እምብዛም አያፈራም፤ የሌላ ዝርያ ዱቄት ይፈልጋል። «ሁለት ዛፍ አለኝ» ማለት አይበቃም። ሁለቱም አና የተባለው ዝርያ ከሆኑ፣ የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ የተባዙ ስለሆኑ እንደ አንድ ዛፍ ይቆጠራሉ። አና ብቻዋን ጥቂት ፍሬ ልትይዝ ትችላለች፤ ዶርሴት ጎልደን የተባለው ዝርያ አጠገቧ ሲኖር ግን ምርቷ ይጨምራል። ሁለቱም ብዙ ብርድ አይጠይቁም፣ አበባቸውም ይገጣጠማል። ለአዲስ አበባ ግቢ የምመርጠው ይህን ጥምረት ነው።

ክሪስፒን ካለዎት ይጠንቀቁ። የዚህ ዝርያ ዱቄት ደካማ ነው፤ ከሌላው ይቀበላል እንጂ ለሌላው አይሰጥም። ስለዚህ ክሪስፒን የተከለ ሰው ሌሎች ሁለት ዝርያዎች ቢኖሩት ይሻላል።

ቦታ ከጠበበ አዲስ ዛፍ የግድ አይደለም። የጎረቤት አፕል እስከ 15 ወይም 20 ሜትር ድረስ ካለ አጥሩ ንብን አያግዳትም። ከሌለም ችግኝ የሚያዳቅል ባለሙያ በዛፍዎ ላይ የሌላ ዝርያ ቅርንጫፍ ሊያጣብቅልዎ ይችላል። ለዘንድሮው ደግሞ ያበበ የሌላ ዝርያ ቅርንጫፍ ለምነው፣ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አድርገው ከዛፉ ሥር ያስቀምጡ፤ ውሃውንም በየቀኑ ይቀይሩ።

ሁለት ዝርያ አለ፣ ፍሬ ግን የለም

አበባቸው ተላልፎ ይሆናል። አዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፤ አፕል ለእረፍት የሚፈልገውን ረጅም ብርድ አያገኝም፣ ስለዚህ ተበታትኖ ያብባል። መፍትሄው ፍሬ ከተለቀመ በኋላ የሁለቱንም ዛፎች ቅጠል በአንድ ሰሞን በእጅ መመልመል ነው። አብረው እንዲያብቡ ይረዳል።

ንቧንም ያስቡ። በዝናብና በብርድ አትወጣም። አበባ ላይ ፀረ ተባይ መርጨት ደግሞ ፍሬውን በገዛ እጅ ማስቀረት ነው፤ እባክዎ አበባው እስኪረግፍ ይታገሱ።

ንብ ከጠፋ ራስዎ ያዳቅሉ። ጠል ከደረቀ በኋላ በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ከአንዱ ዝርያ አበባ ቢጫውን ዱቄት ይውሰዱና የሌላው አበባ መሐል ላይ ያሉትን አምስት ጫፎች ቀስ ብለው ይንኩ። በአንድ እቅፍ ካሉት አበቦች መሐለኛው ቀድሞ ይፈነዳል፣ ትልቁንም ፍሬ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ከእሱ ይጀምሩ። በማግስቱም ይድገሙት።

ፍሬው ባንድ ጎኑ ጎበጠ፣ ወይም ገና ትንሽ ሳለ ረገፈ

አንዱን አግድም ቆርጠው ይዩት። አምስት ክፍል አለው፤ በደንብ የተዳቀለ ፍሬ በየክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ዘር ይይዛል። ዘር የሌለበት ጎን አይወፍርም። ስለዚህ ባዶ ክፍል ካዩ ዱቄቱ አንሷል፤ ከላይ ያለው መፍትሄ ይሠራል። ዘሩ ሙሉ ሆኖ የሚረግፍ ከሆነ ግን ውሃ አንሶት፣ ወይም ዛፉ የበዛበትን ፍሬ እየቀነሰ ሊሆን ይችላል።

ጭራሽ አላበበም

ይህ የዱቄት ጉዳይ አይደለም። ከዘር የበቀለ ዛፍ ለማበብ ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ ፍግ የበዛበት ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ አጠገቡ ፎቅ ተሠርቶ ፀሐይ የተከለለበት ደግሞ ፀሐይ እስኪያገኝ ድረስ በደንብ አያብብም።