የግል ፓርኪንግ ኩባንያ በክስ ሲያስፈራራ የሚሠሩ ስህተቶች

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሐበሻ፣ በተለይ ለንደን ላይ በፒሲኦ (የግል ታክሲ ፈቃድ ባለው) መኪና የሚሠራ፣ ይዋል ይደር እንጂ ከሆነ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ካሜራ የተነሳ መቶ ፓውንድ ክፈል የሚል ፖስታ ይደርሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውን የሚጎዳው መቶ ፓውንዱ ሳይሆን ፖስታው ከመጣ በኋላ የሚያደርገው ወይም የማያደርገው ነገር ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ሕጋቸው ስለሚለይ ከዚህ በታች ያለውን እዚያ አትጠቀሙበት።

የካውንስሉንና የግሉን መቀላቀል

ሁለቱም በአጭሩ ፒሲኤን ይባላሉ፣ ሁለቱም ቢጫ ፕላስቲክ ውስጥ ሊመጡ ይችላሉ። ርዕሱ «ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ» ከሆነና ላኪው ካውንስል ወይም ቲኤፍኤል (የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ከሆነ በሕግ የተጣለ ቅጣት ነው። ዝም ካላችሁት በ50 በመቶ ያድጋል፤ ቀጥሎ ዳኛ ፊት ሳትቀርቡ ቤይሊፍ (ዕዳ አስፈጻሚ) መጥቶ መኪናችሁን ሊያስር ይችላል። «ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ» የሚለው ደግሞ የግል ኩባንያ «ውል አፍርሰሃል» ብሎ የሚልከው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ወንጀል አይደለም፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አያስይዝም። የምናወራው ስለዚህኛው ብቻ ነው።

«ተወው፣ ምንም አያመጡም»

ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ስንቱን ለሲሲጄ (በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ለሚሰፍር የዕዳ ፍርድ) እንደዳረጉት ቤቱ ይቁጠረው። ምክሩ ድሮ መሠረት ነበረው። ኩባንያው ሹፌሩን ካላወቀ የሚከሰው ሰው አልነበረውም። በኦክቶበር 2012 ግን የፕሮቴክሽን ኦቭ ፍሪደምስ አክት አባሪ 4 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኩባንያው የሕጉን ቅድመ ሁኔታ ካሟላ ሹፌሩን ባያውቅም የመኪናውን ኪፐር (መኪናው በስሙ የተመዘገበውን ሰው) መጠየቅ ቻለ። ምክሩ ግን እስከ ዛሬ እንደ ወረደ ይነገራል።

ዝም የሚባልና ዝም የማይባል ደብዳቤ አለ። ዕዳ ሰብሳቢ ነኝ የሚለው ድርጅት በቀይ ቀለም «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» እያለ አራት አምስት ጊዜ ይጽፋል። ቤይሊፍ አይደለም፤ ቤት የመግባትም ሆነ ዕቃ የመውሰድ ሥልጣን የለውም። መልስ ባትሰጡት ምንም አይቀርባችሁም፣ ደብዳቤውን ግን አስቀምጡት። «ሌተር ኦቭ ክሌም» ወይም «ሌተር ቢፎር ክሌም» የሚል ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ከ2017 ጀምሮ በሚሠራው የዕዳ ክስ ቅድመ ሥርዓት መሠረት 30 ቀን አላችሁ። አብሮት የሚመጣውን የመልስ ቅጽ ስትሞሉ ዕዳውን አልቀበልም የሚለውን ሳጥን ምረጡ፤ ፎቶዎቹን፣ ፓርኪንጉ ላይ የተሰቀሉትን ምልክቶች ቅጂና ከመሬቱ ባለቤት ጋር ያላቸውን ውል ጠይቁ። የገቢና ወጪ ሠንጠረዡ ለመክፈል ጊዜ ለሚጠይቅ ሰው ስለሆነ ዕዳውን የሚክድ ሰው ደመወዙን እዚያ መዘርዘር የለበትም።

ከፍርድ ቤት የሚመጣው ክሌም ፎርም ለአንድ ቀን እንኳ የሚያሳድሩት አይደለም። የወጣበትን ቀን ፈልጉ። ማርች 3 ከወጣ ማርች 8 ደርሷችኋል ተብሎ ይቆጠራል። እስከ ማርች 22 ክሱ እንደደረሳችሁ ማሳወቅ፣ ካሳወቃችሁ ደግሞ እስከ አፕሪል 5 መከላከያ ማስገባት አለባችሁ። ካላሳወቃችሁ የመከላከያውም ቀን ማርች 22 ነው። ፎርሙ ላይ ባለው የይለፍ ቃል መኒ ክሌም ኦንላይን የተባለው የፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ውስጥ ገብታችሁ ክሱን በሙሉ እንደምትከላከሉ ብቻ ምልክት አድርጉ። የፍርድ ቤቱን ሥልጣን እቃወማለሁ የሚለውን አትንኩ። የመከላከያ ሳጥኑ ውስጥ በንዴት «ይሄ ማጭበርበር ነው፣ እኔ 10 ደቂቃ ብቻ ነው የቆምኩት» ብሎ ጽፎ የላከ ሰው መከላከያውን አስገብቷል፤ የነበረውን ተጨማሪ ጊዜ በሁለት መስመር ጨረሰው ማለት ነው።

ሎግ ቡክ ላይ ያለው የድሮ አድራሻ

ፖስታውን ችላ ካለው ሰው ይልቅ ፖስታው ጭራሽ ያልደረሰው ያሳዝናል። ኩባንያው ስምና አድራሻ የሚገዛው ከዲቪኤልኤ (የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ነው። ብዙ ሰው ቤት ሲቀይር መንጃ ፈቃዱን ያስተካክልና «ዲቪኤልኤን አሳውቄያለሁ» ብሎ ይቀመጣል። የመንጃ ፈቃዱ መዝገብና የመኪናው መዝገብ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ቪ5ሲው (ሎግ ቡኩ፣ ማለትም የመኪናው የምዝገባ ሰነድ) ለብቻው ካልተቀየረ ፖስታው ሁሉ የድሮው ቤት ይሄዳል። ማሳወቂያው፣ ማስፈራሪያው፣ ክሱ፣ ፍርዱም ጭምር። ባለጉዳዩ የሚሰማው ሞርጌጅ ወይም የስልክ ኮንትራት ሲከለከል ነው። ሲሲጄ መዝገብ ላይ 6 ዓመት ይቆያል። አድራሻ መቀየር በኢንተርኔት ነጻ ነው፣ አለመቀየር ደግሞ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ክርክር ከተጀመረ በኋላ ቤት ከቀየራችሁም ለኩባንያው፣ ለጠበቆቹና ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ።

ሳታውቁ የተፈረደባችሁ እንደሆነ በኤን244 ቅጽ ፍርዱ እንዲነሳ ይጠየቃል። ክፍያው ከ300 ፓውንድ በላይ ነው፤ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ክፍያው እንዲቀርላችሁ ወይም እንዲቀነስላችሁ የሚጠየቅበትን ኢኤክስ160 ቅጽ ሙሉ። ሳምንታት ካሳለፋችሁ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ለምን እንደዘገያችሁ ነው።

ሳያስቡት «እኔ ነኝ የነዳሁት» ማለት

ይግባኝ ሲጻፍ «ባለቤቴን ከሆስፒታል ላመጣ ብዬ ለአፍታ አቁሜ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ቅንነት ነው፣ ግን አንድ ትልቅ መከላከያ በገዛ እጅ መጣል ነው። መስታወት ላይ ወረቀት ሳይለጠፍ በካሜራ ብቻ የመጣ ጥያቄ ኪፐሩን የሚይዘው ማሳወቂያው ከቆማችሁበት ቀን ማግስት ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ከደረሰ ነው። በፖስታ የተላከ በሁለተኛው የሥራ ቀን እንደደረሰ ይገመታል። ሜይ 1 ለቆመ መኪና ገደቡ ሜይ 15 ነው፤ ሜይ 14 የተላከ ደብዳቤ ዘግይቷል ማለት ነው። መስታወት ላይ ተለጥፎ ከሆነ ደግሞ ለኪፐሩ የሚላከው ከ28 ቀን በኋላ እስከ 56ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በራሳቸው ደንብ የሚተዳደሩ ቦታዎች ላይ፣ ለምሳሌ ባቡር ጣቢያዎችና አንዳንድ ኤርፖርቶች፣ ይህ የኪፐር ተጠያቂነት ጨርሶ አይሠራም። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ሹፌሩ ካልታወቀ ነው። ስለዚህ «የመኪናው ኪፐር ነኝ፣ ሹፌሩ ቆመ» እያላችሁ ጻፉ። ኪፐር ለግል ኩባንያ የሹፌሩን ስም የመናገር ግዴታ የለበትም። መዋሸት ግን ፈጽሞ አይቻልም፤ መከላከያው ላይ የምትፈርሙት እውነት ነው ብላችሁ ነው፣ ዳኛው በቀጥታ ከጠየቃችሁም እውነቱን ትናገራላችሁ።

«ለ10 ደቂቃ 100 ፓውንድ?» ብሎ መከራከር

ይህን ክርክር ሱፕሪም ኮርት በ2015 በፓርኪንግአይ ኩባንያና በሹፌሩ ቢቪስ ጉዳይ ዘግቶታል። ቼልምስፎርድ ላይ ከተፈቀደው 2 ሰዓት በላይ 56 ደቂቃ የቆየ ሰው 85 ፓውንድ ክፈል ተባለ፣ ክፍያው ቅጣት አይደለም ተብሎ ጸና። ኩባንያው እንዲረታ የረዳው ግን ትልልቅና ግልጽ ምልክት መስቀሉ ነው። ስለዚህ ክርክራችሁን ምልክቱ ላይ አድርጉ። በቆማችሁበት ሰዓት ሄዳችሁ፣ ማታ ከነበረ ማታ፣ ከሹፌር መቀመጫ ሆናችሁ ፎቶ አንሱ። መብራት አለ? የገንዘቡ መጠን ከደቃቁ ጽሑፍ መሐል ተወሽቋል? መግቢያው ላይ ምልክት አለ? ምልክቱ ግልጽ ከሆነና ጥፋቱም የእናንተ ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ በቅናሽ የሚጠየቀውን 60 ፓውንድ ከፍሎ መገላገል ነው የሚሻለው፤ ይህን ስንል የሚከፋው ሰው አለ።

ተጨማሪዋን 70 ፓውንድ ዝም ብሎ መቀበል

100 የነበረው 170 የሚሆነው «የማስመለሻ ወጪ» ተብሎ ነው። የተከሰሳችሁት በኪፐርነት ከሆነ ያው አባሪ 4 ከኪፐር የሚጠየቀውን በመጀመሪያው ማሳወቂያ ላይ በተጻፈው መጠን ይገድበዋል። መከላከያችሁ ውስጥ ይህን በአንድ አንቀጽ ጻፉት። ቢፈረድባችሁ የተለመደው ሒሳብ 100 ላይ 35 የክስ ማስከፈቻ፣ 50 የጠበቃ፣ 27 የችሎት፣ ትንሽም ወለድ ነው። «ብትሸነፍ በሺህ ይጠይቁሃል» የሚለው ወሬ በትንንሽ ክሶች ችሎት ላይ አይሠራም፣ በክርክሩ ያለ አግባብ ጠባይ ካላሳያችሁ በስተቀር።

የኪራይ መኪና

ፒሲኦ መኪና ተከራይታችሁ ከሆነ አከራዩ በራሱ ከፍሎ ከነአገልግሎት ክፍያው ከሒሳባችሁ እንዳይቆርጥ ቶሎ ተነጋገሩ፤ መክፈል ሳይሆን ስማችሁን ማስተላለፍ ነው ያለበት። ከዚያ በኋላ ለእናንተ የሚመጣው ማሳወቂያ የኪራይ ውሉንና የፈረማችሁትን የኃላፊነት መግለጫ ቅጂ መያዝ አለበት። ፖስታው ውስጥ ከሌሉ፣ ብዙ ጊዜም አይኖሩም፣ ተከራዩን በሕጉ መያዝ አይችሉም። ፖስታውንና የያዛቸውን ገጾች በሙሉ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ለኩባንያው ስልክ አትደውሉ፤ በጽሑፍ ያልሆነ ነገር አልተባለም። «እንዲበርድላቸው» ብላችሁ 20 ፓውንድ አትክፈሉ፣ ዕዳውን እንዳመናችሁ ይቆጠራል፣ የ6 ዓመቱ የይርጋ ጊዜም እንደ አዲስ ይጀምራል። ከኢንተርኔት ወይም ከኤአይ የተቀዳ መከላከያ ውስጥ የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ፍርድ በእርግጥ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

የሽምግልናውን ስልክ አለማንሳት

ከሜይ 2024 ጀምሮ በእንዲህ ያለ ክስ ነጻ የስልክ ሽምግልና ግዴታ ነው። አስታራቂው እየተመላለሰ ያወራችኋል፤ ዳኛ አይደለም፣ ማን እንደሚረታም አይናገርም። «ምንም አልከፍልም» ማለት ይቻላል። ስልኩን አለማንሳት ግን ዳኛው ወጪ እንዲጭንባችሁ ሊያደርግ ይችላል፣ ስለዚህ ያን ሰዓት ትሪፕ አትቀበሉ።

ኤን180 የተባለው የፍርድ ቤቱ መጠይቅ ስለ አስተርጓሚ ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል ብላችሁ በይሉኝታ አትዝለሉት። የችሎቱ ትእዛዝ ሲመጣ የምስክርነት ቃላችሁንና ፎቶዎቹን ብዙውን ጊዜ ከችሎቱ 14 ቀን ቀደም ብላችሁ ለፍርድ ቤቱም ለከሳሹም መላክ አለባችሁ፤ ለአንዱ ብቻ ልኮ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ያው ትእዛዝ ከሳሹ የችሎት ክፍያውን እስከ መቼ መክፈል እንዳለበት ይናገራል። ቀኑ እንዳለፈ ለፍርድ ቤቱ ደውላችሁ ተከፍሎ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልተከፈለ ክሱ ይሰረዛል። ተከራክራችሁ ብትሸነፉም በአንድ ወር ውስጥ ሙሉውን ከከፈላችሁ ፍርዱ ከመዝገቡ ይነሳል።