አስታማሚዋ የት ትተኛለች? የሕሙማን ክፍል ስንሠራ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ጀማሪ አርክቴክት የሆስፒታል ፕላን ይዞልኝ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቀለም አይደለም። «አስታማሚዋ የት ትተኛለች?» እለዋለሁ። ዝም ይላል። አልጋው አለ፣ ኮመዲኖው አለ፣ የኦክስጅን መስመሩ አለ፤ ከወረኢሉ ባሏን ደግፋ የመጣችው ሴት ግን የለችም።

ወሎ ላይ ሰው ብቻውን አይታመምም። አንዷ አድራ ታስታምማለች፣ ሌላው ምሳ ዕቃ ይዞ ይመላለሳል፣ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ «አብሽር» ሊል ይመጣል። ይህን ሰው ፕላኑ ላይ ስለዘለልነው አይቀርም። ጋቢው አልጋ ሥር ይነጠፋል፣ ምሳ ዕቃው መስኮቱ ላይ ይደረደራል፣ መስኮቱም በዚያው ተዘግቶ ይከርማል። ነርሷ በሌሊት ሰው እንዳትረግጥ እየተራመደች መድኃኒት ትሰጣለች። ከዚያ «ሕዝቡ ሥርዓት የለውም» ይባላል! ሥርዓት ያጣው ፕላኑ ነው።

አፌን ሞልቼ የምቆጣው እኔም ስላደረግሁት ነው። አንድ ሆስፒታል አስረክበን ለእርማት ስመለስ አንዲት እናት ሲሚንቶው ላይ ተኮራምተው አገኘሁ። «እማማ፣ እዚህ ይበርድዎታል» ብላቸው «ታዲያ የት አስቀመጣችሁኝ ልጄ?» አሉኝ። ፕላኑን የሠራሁት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም።

መፍትሔው ከሩቅ አይመጣም፤ መደብ ነው። ከአልጋው አጠገብ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ወርዱ 60፣ ርዝመቱ 180 ሴንቲ ሜትር፤ ላዩ የሚታጠብ ፍራሽ፣ ሥሩ የሚቆለፍ ዕቃ ማስቀመጫ። ለጠያቂው ደግሞ ውጭ ጥላና መቀመጫ።

መስኮት። ሮጀር አልሪች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩ ታካሚዎች የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እኛ ደሴ ላይ ጦሳን የሚያህል ተራራ ደጃችን አስቀምጠን መስኮቱን ከቆመ ሰው ደረት በላይ እንሰቅለዋለን። የተኛ ሰው የሚያየው ኮርኒስ ብቻ ነው። ፕላኑን ከማጽደቃችሁ በፊት አልጋ ላይ ተጋደሙና ከዚያ ሆናችሁ እዩ።

የደሴን ፕላን ኮምቦልቻ ላይ መድገም። ሁለቱን የሚያራርቃቸው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ቢሆንም የከፍታቸው ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ምዕራብ የተከፈተ መስኮት ታካሚውን ከሰዓት በኋላ ይቀቅለዋል፤ ሕንፃውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አጋድሙትና መስኮቶቹ ሰሜንና ደቡብ ይዩ። ደሴ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፦ ሁሉም «ነፋስ ይመታኛል» ብሎ ይዘጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በተፈጥሮ አየር ለሚናፈስ መደበኛ የሕሙማን ክፍል የሚመክረው ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር አየር ነው፤ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ክፍል ወደዚያ አይጠጋም። ሳል ያለበት ሰው ባለበት ክፍል ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች ከኮርኒሱ ሥር፣ ነፋሱ ከታካሚው በላይ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ። ተንሸራታቹ የአሉሚኒየም መስኮት ደግሞ ቢከፈት የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው፤ ስትለኩ አትርሱት።

ሽንት ቤት። ከደሴ መካ በቀጥታ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። መቀመጫው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከዞረ ሙስሊሙ ታካሚ ፊቱን ወይም ጀርባውን ለቂብላ፣ ማለትም ሲሰግድ ለሚዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ ላለመስጠት ጎኑን ሊያጣምም ይታገላል፤ ያውም ቁስል ይዞ፣ እርጥብ ወለል ላይ። ምሥራቅና ምዕራብ አድርጉት። ወጪ የለውም፣ መጠየቅ ብቻ ነው። ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ውኃም ዝቅ ብሎ ይምጣ፣ ከመታጠቢያው ሳህን ላይ እግር ማንሳት ለደካማ ሰው አደጋ ነው።

የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ፦ አትግዙ። ያንሸራትታል፣ መብራቱን ዓይን ላይ ይመልሳል፣ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ፣ ፉጋው፣ ቆሻሻ ይይዛል፤ የመድኃኒት ጋሪው እያንዳንዷን ፉጋ ሲሻገር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ነጭ ቀለም ኮርኒሱ ላይ ይበቃል።

እጅ ሲጠጉት ራሱ የሚከፈት ቧንቧም ጨረታ ላይ ያምራል። ባትሪው ሲያልቅ ግን ነርሷ በጀሪካን ትታጠባለች። በክርን የሚከፈተውን ግጠሙ፤ እሱንም ቢሆን ስፔሩ ፒያሳ መኖሩን ጠይቃችሁ።