ፓኔል ገዝታችሁ ከመምጣታችሁ በፊት፦ መኪና ላይ ሶላር ስናስገጥም የምንሠራቸው ስህተቶች

ሱሉልታ ውስጥ ባለችኝ ትንሽ ጋራዥ መኪና ላይ ሶላር እገጥማለሁ። ደንበኞቼ ብዙ ዓይነት ናቸው። ሚኒባሷን ቡና መሸጫ ያደረገች አለች። አይሱዙው ላይ አልጋና ምድጃ አሠርቶ ለመስክ ሥራ የሚወጣ አለ። እንግዳ ይዘው ወደ ባሌና ወደ አፋር የሚወርዱ አስጎብኚዎች አሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ ከአውሮፓ ተነስተው እስከ ደቡብ አፍሪካ በመኪና ቤታቸው የሚጓዙ መንገደኞች ብቅ ይላሉ።

አብዛኞቹ መጀመሪያ ፓኔል ይገዛሉ። ከዚያ ጣሪያቸው ላይ ጭነው ይመጡና "ይሄን ግጠምልኝ" ይሉኛል። እኔ ግን የምፈልገው ከባትሪው ተነስተን ወደ ጣሪያው እንድንወጣ ነው። ፓኔሉ ላይ የተጻፈው ዋት ባትሪያችሁ ውስጥ የሚገባው ዋት አይደለም። መሀል ላይ የሚጠፋው ብዙ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የት የት እንደሚጠፋ ነው።

ፍጆታን ሳያሰሉ መግዛት

"ስንት ዋት ልግዛ?" ለሚለኝ ሰው መልሴ "ማታ ማታ ምን ምን ታበራለህ?" ነው። የቡና ሻጯን ሂሳብ ላሳያችሁ። በ12 ቮልት የምትሠራው ትንሽ ፍሪጇ በቀን 500 ዋት ሰዓት (ዋቱ በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ) ገደማ ትበላለች። አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 100 ይሆናሉ። ስልክና ስፒከር 150 ብንላቸው ድምሩ 750 ነው። በሽቦ፣ በኮንትሮለር (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል በሚቆጣጠረው ዕቃ) እና በባትሪ የሚባክነው ሲታከልበት ፓኔሉ በቀን 1,000 ዋት ሰዓት ማምጣት አለበት።

አሁን ወደ ፀሐይዋ እንሂድ። አዲስ አበባ ዙሪያ በበጋ በቀን ከ5 እስከ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ እናገኛለን። ይህ ማለት ፀሐይ የምትታየው ለዚያን ያህል ሰዓት ብቻ ነው ማለት አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ ያለው ብርሃን ተጠራቅሞ እንደ ቀትር ፀሐይ ሲቆጠር ነው። ለሐምሌና ለነሐሴ እኔ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ አልይዝም። 1,000ን ለ5 ተኩል ስናካፍለው 180 ዋት ይሆናል። ለ3 ተኩል ስናካፍለው ግን 285 ነው። እኔ 400 እንድትገጥም ነገርኳት። ጭፍግግ ያለ ደመና ሁለት ሦስት ቀን ሲከታተል የምታውቁት ነው። በጥር ሂሳብ በ180 የጀመረ ሰው ሐምሌ ላይ ወተቱ ተበላሽቶበት ይደውልልኛል።

ባትሪውም እንደዚሁ ይሰላል። ለሁለት ደመናማ ቀን 1,500 ዋት ሰዓት ማስቀመጥ አለባት። ደረቅ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ በ12 ቮልት 250 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋታል። በሊቲየም ብታደርገው 150 ይበቃታል። የመኪናው ማስነሻ ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በጥቂት ወር ይሞታል።

ስለ ምጣድ የሚጠይቁኝም አሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል። ለማብሰያ ጋዝ ያዙ።

ትልቅ ፓኔል ከርካሽ ኮንትሮለር ጋር

ይህን ስህተት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ባየሁት ቁጥርም ያመኛል፤ የሰው ጥሪት ነውና። ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት ከሰንዳፋ በኩል አይሱዙውን ይዞ መጣ። ጣሪያው ላይ አዲስ ባለ 550 ዋት ፓኔል አለ። "ጋሼ፣ ባትሪዎቹ ሞተዋል መሰለኝ። ሁለተኛ ጊዜ መቀየሬ ነው፣ አሁንም አይሞሉም" አለኝ። ቀኑ ጥርት ያለ ነው፤ ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ከኮንትሮለሩ ወደ ባትሪው በሚሄደው ገመድ ላይ ክላምፕ ሜትሬን (አምፔር መለኪያዬን) አሰርኩበት። 13 አምፔር ይላል። ባትሪው ደግሞ 13 ቮልት ላይ ነው።

"13ን በ13 አባዛው" አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ አባዛ። 169። ፓኔሉን ቀና ብሎ አየው። "550 ነው እኮ የገዛሁት" አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ትልልቅ ፓኔሎች ለቤትና ለፋብሪካ ጣሪያ የተሠሩ ናቸው። 550 ዋት የሚሰጡት ወደ 42 ቮልትና 13 አምፔር ላይ ሲሠሩ ነው። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ ኮንትሮለር ፓኔሉን ከባትሪው ጋር ቀጥታ የሚያገናኝ ማብሪያ ማጥፊያ በሉት። ሲያገናኘው የፓኔሉ ቮልት ወደ ባትሪው 13 ቮልት ይወርዳል። አምፔሩ ግን አይጨምርም፤ ያው 13 ነው። የቀረው 380 ዋት መቼም ቢሆን ወደ ባትሪው አይደርስም። ባትሪ ብትቀይሩ፣ ገመድ ብትቀይሩ ለውጥ የለውም።

ኤምፒፒቲ የሚባለው ግን ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይለውጠዋል። ለዚያ ልጅ ባለ 40 አምፔር ገጠምኩለትና በዚያው ከሰዓት በኋላ ለካሁት። 35 አምፔር አለ። ፓኔሉም ባትሪዎቹም ያው የድሮዎቹ ናቸው። አውልቆ የጣላቸው ሁለት ባትሪዎች ደህና ሳይሆኑ አልቀሩም። እሱ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ርካሾቹ ኮንትሮለሮች ፊታቸው ላይ "12/24 ቮልት" ይላሉ። ያ የባትሪው ቮልት ነው። ከፓኔል በኩል ስንት ቮልት እንደሚችሉ የሚነግራችሁ መመሪያ ወረቀቱ ነው፤ ብዙዎቹ ከ50 አያልፉም። ባለ 550 ፓኔል ምንም ሳይገናኝ ሲለካ ራሱ ወደ 50 ቮልት ያሳያል። ተቃጥሎ የመጣልኝ ብዙ ነው።

ሌላም አለ። "ኤምፒፒቲ" የሚል ተለጥፎበት ውስጡ ፒደብሊውኤም የሆነ ዕቃ ገበያ ላይ ሞልቷል። በእጃችሁ መዝኑት። እውነተኛው ውስጡ የመዳብ ጥቅልል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ሙቀት ማውጫ ብረት ስላለው ከበድ ይላል። ማረጋገጫው ግን መለካት ነው። ቀትር ላይ፣ ባትሪው ሳይሞላ፣ ከፓኔል የሚገባውንና ወደ ባትሪ የሚወጣውን አምፔር ለኩ። ከትልቅ ፓኔል ጋር ሁለቱ እኩል ከሆኑ ተሸውዳችኋል።

በጀታችሁ ለኤምፒፒቲ ካልደረሰ አያሳፍርም። ያኔ 36 ሴል (ፓኔሉ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ክፍሎች) ያለው፣ 18 ቮልት አካባቢ የሚሠራ ፓኔል ግዙ። ፒደብሊውኤም ለእሱ ይስማማል። ባለ 150 ዋት የሆኑ ሁለት ፓኔሎችን በትይዩ (ፓራለል) አገናኝቶ ብዙ ሰው በደስታ ይኖራል።

የሱሉልታን ብርድ መርሳት

ይህን ራሴ አጥፍቻለሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ሁለት ባለ 50 ቮልት ፓኔሎችን በተከታታይ አገናኘሁ። ድምሩ 100 ቮልት ነው። ኮንትሮለሩም እስከ 100 ይችላል። ልክ ነው ብዬ አስረከብኩ። በታኅሣሥ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ በተኛበት ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ኮንትሮለሩ ሞተ።

ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቮልት በ25 ዲግሪ የተለካ ነው። ጠዋት 5 ዲግሪ ሲሆን ከ5 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ የእኔ 100 ቮልት 105 ሆኖ ነበር። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ አደጋ የለውም እንዳትሉ። አምፔሩ ነው እንጂ የሚያንሰው ቮልቱ ገና በማለዳው ወደ ላይ ይወጣል። ኮንትሮለሩን ከራሴ ተክቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ 15 በመቶ ክፍተት ሳልተው አላገናኝም።

ዋቱን ከወረቀት ላይ ማመን

ርዝመት መለኪያ ሜትር ይዛችሁ ወደ ገበያ ሂዱ። ዛሬ ያሉት ጥሩ ፓኔሎች በአንድ ካሬ ሜትር ከ200 እስከ 220 ዋት ይሰጣሉ። እውነተኛው ባለ 550 ወደ 2.28 ሜትር በ1.13 ነው፤ ክብደቱም ወደ 28 ኪሎ ነው። አንድ ሜትር በ70 ሳንቲም የሆነ ፓኔል ላይ "300 ዋት" ተጽፎ ካያችሁ ትታችሁት ሂዱ። ባለፈው አንዲት እህት እንዲህ ያለ ገዝታ መጥታ ለክቼ ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከመክፈሏ በፊት ብትደውልልኝ በሁለት ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

ቀጭን ገመድ

ከኮንትሮለሩ ወደ ባትሪው 5 ሜትር ርቀት አለ እንበል። ሄዶ መመለሻው 10 ሜትር ነው። በ2.5 ሚሊ ገመድ 30 አምፔር ብትልኩበት 2 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ገመዱም ይግላል። ኮንትሮለሩ 14.4 ቮልት ደርሻለሁ ብሎ ያምናል፤ ባትሪው ጋ ግን 12.4 ነው የደረሰው። እንዲህ ያለ ባትሪ አይሞላም። በ16 ሚሊ ቢሆን የሚጠፋው 0.3 ቮልት ገደማ ነው። ከዚያም የሚሻለው ኮንትሮለሩን ባትሪው አጠገብ ማድረግና ርቀቱን ለፓኔሉ ገመድ መተው ነው። እዚያ ቮልቱ ከፍ፣ አምፔሩ ዝቅ ስለሚል ብክነቱ ያንሳል።

ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርጉ። ይህ ለድርድር አይቀርብም። መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ገመድ ይፋቃል፣ ቆርቆሮ ይነካል። እናንተ ደግሞ ውስጡ ትተኛላችሁ።

ጥላ

የዕቃ መጫኛው ፍርግርግ፣ ትርፍ ጎማው፣ የኤርኮንዲሽነሩ ጉብታ ሁሉም ጥላ ይጥላሉ። የመዳፍ ስፋት ያላት ጥላ የፓኔሉን ሲሶ ልታጠፋ ትችላለች፤ ሴሎቹ በሰንሰለት የተያያዙ ናቸውና። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ሥር አቁማችሁ "ሶላሩ ደከመ" ብላችሁ አትደውሉልኝ። ለሰው ጥላ፣ ለፓኔሉ ፀሐይ ከፈለጋችሁ ሊታጠፍ የሚችል አንድ ፓኔል ከረጅም ገመድ ጋር ያዙና ውጭ ዘርጉት።

"ወደ ደቡብ ይዘንበል ወይ?"

ይህ ምክር ከአውሮፓ ቪዲዮ የመጣ ነው። እነሱ ከምድር ወገብ ርቀው ነው የሚኖሩት። እኛ ወደ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ናት። ጣሪያ ላይ ዝርግ የሆነ ፓኔል በሰኔ ቀትር 3 በመቶ ያህል፣ በታኅሣሥ ቀትር 15 በመቶ ያህል ቢያጣ ነው። ለዚህ ብላችሁ የሚነሳ የሚወድቅ ብረት አታሠሩ፤ ፈጣን መንገድ ላይ ንፋስ ይገነጥለዋል። ውሃና አቧራ እንዳይተኛበት ትንሽ ዘንበል ማለቱ በቂ ነው።

ይልቅ ከሥሩ የአራት አምስት ሳንቲም ክፍተት ተዉለት። ፓኔል ሲግል ይደክማል። 60 ዲግሪ ሲደርስ ከ10 በመቶ በላይ ያጣል፤ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የሚተጣጠፉትንና በማስቲሽ የሚለጠፉትን ቀጫጭን ፓኔሎች የማልወዳቸውም ለዚህ ነው።

አቧራውን በሳምንት አንዴ እጠቡ። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ግንባታ አጠገብ የምታቆሙ ደግሞ በሦስት ቀን። ጠዋት፣ መስታወቱ ሳይግል።

ስታገናኙ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር አስቀድሙ፤ ኮንትሮለሩ ቮልቱን የሚያውቀው ከእሱ ነው። ፓኔሉ በመጨረሻ ይገናኛል። ስትፈቱ ፓኔሉን አስቀድሙ።