ሞዴል አውሮፕላኗ ፍጥነት ስትቀንስ ክንፏ ይወድቃል? የክንፍ ጭነት ችግርና መፍትሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ

ባትሪው ሞልቷል፣ ሰርቮዎቹ (መሪ ክፍሎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) በትክክለኛው አቅጣጫ ይዞራሉ፣ የሪሞቱ ርቀት ተሞክሯል ብለን እንነሳ።

ምልክቱ፦ ለማረፍ ፍጥነት ስትቀንስ አንድ ክንፏ ድንገት ዘጭ ይላል። ሉፕ ላይ (አየር ላይ ወደ ላይ ዞራ ክብ ስትሠራ) ኤለቬተሩ፣ ማለትም አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጭራ ክፍል፣ ጠበቅ ተደርጎ ሲሳብ ተገልብጣ ትሽከረከራለች። ለመነሳትም ሜዳው አይበቃትም።

ሁሌ በአንድ ጎን ብቻ የምትወድቅ ከሆነ ክንፉ ተጣሟል ወይም አንዱ ጎን ከብዷል፤ አቃኑት፣ ይበቃል። አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ከሆነ ግን የሪሞቱን ቅንብር መነካካት ተዉና የክብደት መለኪያ ሚዛን ፈልጉ።

መንስኤው፦ የክንፍ ጭነት፣ ማለትም ጠቅላላ ክብደት ለክንፍ ስፋት ሲካፈል። እዚህ አገር ላይ ደግሞ አየሩ ይጨመርበታል። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች ብሎ መዝናናት አያዋጣም፤ ሙቀት አየርን ስለሚያሳሳ 30 ዲግሪ በገባ ቀን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ባሕር ጠለል ላይ ለሚበር የተነገረን ቁጥር በ0.75 አባዙት፤ በካሬ ዴሲ ሜትር 45 ግራም የተባለው እዚህ 34 ነው።

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ጥፋት ግን ከአየሩ ይልቅ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ክብደት ነው። ብዙ ሻጭ የሚጽፈው ባዶዋን ነው፣ ያለ ባትሪ። ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክንፍ እንውሰድ፤ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ወርዱ ሥሩ ላይ 29፣ ጫፉ ላይ 19፣ አማካዩ 24። 120 በ24 ሲባዛ 2,880 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ወይም 28.8 ካሬ ዴሲ ሜትር። በሰውነቷ የተሸፈነውም የክንፍ ክፍል ይቆጠራል። ካርቶኑ 1,050 ግራም ይላል፤ ሲካፈል 36 ይወጣል፣ ደስ ይላል። ባለ 4 ሴል 2,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ሲገባ 240 ግራም፣ የሪሞቱ ምልክት መቀበያ 15፤ 45 ደረሰ። ጭራዋ ተሰብሮ በኢፖክሲ ሲለጠፍ 20 ግራም። ጭራ ከአፍንጫ ይልቅ ከስበት ማዕከሉ ስለሚርቅ ያን ለማመጣጠን አፍንጫ ላይ 50 ግራም የእርሳስ ብረት ይታሰራል። ከዚያ «ረጅም እንድትበር» ተብሎ 3,300 ባትሪ ይገጠማል፣ ሌላ 110 ግራም። ድምሩ 1,485፣ ጭነቱ ወደ 52! በወረቀት 26 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ስቶል የምታደርገው (ክንፏ መሸከም አቅቶት የምትወድቀው) እዚህ 36 ላይ ታደርጋለች። ሉፕ ላይ በ4 ጂ፣ ማለትም በክብደቷ አራት እጥፍ ጫና፣ ስትሳብ ደግሞ ይህ በእጥፍ ያድጋል፤ 72። ከዚያ በታች ከሳባችኋት መሽከርከሯ አይቀርም።

መፍትሄው፦ ከመግዛታችሁ በፊት ለመብረር የተዘጋጀችበትን ክብደት ጠይቁ፤ የማይመልስ ሻጭ ካለ እለፉት። ቤት ስትገባ ባትሪዋን ይዛ በዲጂታል ሚዛን ትመዘን፣ ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላም እንደገና።

የተለያየ መጠን ያላቸውን በዚህ ቁጥር አታወዳድሩ፤ ባለ 2 ሜትሯ 70 ተሸክማ ተንሳፋ ታርፋለች። ለማወዳደር ክብደቱን በኪሎ ያዙና የክንፉ ስፋት በካሬ ሜትር ከራሱ ካሬ ሥር ጋር ተባዝቶ ለሚገኘው አካፍሉ። ለአክሮባት ከ7 በታች ጥሩ ነው። ከላይ ያሰላናት ባለ 1,485 ግራሟ 9.6 ትሰጣለች፤ ሉፕ መሥራቷን ትሠራለች፣ ቀስ ብላ መንሳፈፍ ግን አትችልም።

የገዛችኋትን ለማቅለል መጀመሪያ ባትሪውን ወደ ትንሹ መልሱ። እርሳሱን አንሱና ባትሪውን ወደፊት ግፉ፤ የስበት ማዕከሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነስቶ በወርዱ 25–30 በመቶ ላይ ይሁን። ጭራ ላይ ኢፖክሲ አታፍስሱ፣ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተርም አትደርድሩ። ነጩን የማሸጊያ ፎም ተራ ሱፐር ግሉ ይበላዋል፤ ለፎም የተሠራውን ፈልጉ። የኤለቬተሩን እንቅስቃሴ ቀንሱ፣ ማረፊያ ላይ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አትዝጉ።

ኮምቦልቻ ኤርፖርት አለ፤ ያለ ፈቃድ፣ በተለይ በዚያ አካባቢ፣ አታብርሩ።

ፕሮፔለሩም በሳሳ አየር ግፊቱ ይቀንሳል። በአንድ ኢንች የሚበልጥ መግጠም ይቻላል፣ ነገር ግን በአምፒር መለኪያ ሙሉ ጉልበት ላይ ሳትለኩ አይሆንም፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ከተጻፈበት አምፒር ካለፈ ይቃጠላል።