መስኮቱን ክፈቱ፦ ፕሮግራመሮች በወረርሽኝ ጊዜ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ ሥራውን ይዞ ቤቱ መግባት እንደ ፕሮግራመር የቀለለው ሰው ብዙ አልነበረም። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ደብረ ብርሃንም፣ መሐል ሜዳም፣ ሸዋ ሮቢትም ቢሮ ይሆናሉ። ይህ ዕድል ግን ያዘናጋል። ቤቱ የገባ ሰው ከበሽታው ያመለጠ ይመስለዋል፤ የሚውልበትን ክፍል አየር ግን ልብ አይለውም። በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚታዩት ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህ ይነሣሉ። ኮሮናም የመጨረሻው ወረርሽኝ አይሆንምና ጤነኛ ሳለን ብንነጋገርባቸው ይሻላል።

ክፍሉን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ ወትፎ ቢሠራ አይፈረድበትም። ብቻውን ከሆነም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው፤ ጓደኛሞች ኮምፒውተራቸውን ይዘው መብራት ወዳለበት አንድ ክፍል ይሰበሰቡና እስከ እኩለ ሌሊት አብረው ይቆያሉ። ኮሮናም ሆነ ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ብቻ አይደለም። ስንናገርና ስንተነፍስ የሚወጡት እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተንሳፍፈው ይቆያሉ፣ በየሰዓቱም እየበዙ ይሄዳሉ። ለሰዓታት አብረው ለሚቀመጡ ሰዎች ሁለት ሜትር መራራቅ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ በርና መስኮቱን በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ በአንድ ላይ ክፈቷቸው፤ ነፋሱ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ አየሩ ቶሎ ይለወጣል። ብርዱን በልብስ መከላከል ይቻላል። የመንዝ ባና ጭናችሁ ላይ ጣል አድርጉ፣ ጋቢ ደርቡ። ክፍሉ ከሁለት ሰው በላይ ከያዘ ደግሞ አፍና አፍንጫን በደንብ የሚሸፍን ጭምብል ይደረግ።

ከሰል አንድዶ መሥራት

ከሁሉም አብልጬ የምፈራው ይህንን ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ይግባ የሚለው ልማዳችን ጭሱን ይቀንሳል እንጂ ጋዙን አያስቀርም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል። ወረርሽኝ ባለበት ሰሞን ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው በሽታው የያዘው ይመስለውና በሩን ዘግቶ፣ ከሰሉን ይበልጥ አስጠግቶ ይተኛል። በዚያው የቀሩ አሉ። ትኩሳት ሳይኖር በክፍሉ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ በመጀመሪያ ከሰሉን ጠርጥሩ። ሁላችሁም ወዲያውኑ ውጡ፣ ራሱን የሳተ ካለ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

አረቄን እንደ እጅ ማጽጃ መቁጠር

በአገራችን አረቄ አይጠፋም፤ ሳኒታይዘር በተወደደበት ጊዜ ብዙዎች እጃቸውን ታጥበውበታል። ለእጅ ማጽጃ የሚያስፈልገው አልኮል ግን ቢያንስ 60 በመቶ ነው፣ የቤት አረቄ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ሳሙናና ውሃ ለ20 ሴኮንድ ይበልጠዋል። ሌላ ሰው የነካውን ኪቦርድ ለማጽዳት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ለስላሳ ጨርቅ በ70 በመቶ አልኮል አርጥቦ መወልወል ነው። በቀጥታ አይረጭበትም።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መዋጥ

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ማንም አይከለክላችሁም፤ ክትባትን ግን አይተኩም። አሞክሳሲሊንም ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። ያለ ምክንያት ሲወሰድ ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል።

ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ቆላ የወረደ ወይም እዚያ የሚኖር ሰው ደግሞ ትኩሳትን ሁሉ የወረርሽኙ ነው ብሎ ቤት መተኛት የለበትም። አካባቢው ወባ አለበት። የደም ምርመራ ሳይደረግ ቀናት ካለፉ መዳን የሚችል በሽታ ይከፋል።

ሌሊቱን በሙሉ ለደንበኛ መስጠት

ደንበኛችሁ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሆነ፣ እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። ስብሰባውን በእነርሱ ጠዋት እንዲያደርጉት ጠይቁና ተኙ። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት አለበት፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት በሽታን የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፣ ክትባትም ሲወስድ የሚሰጠው ምላሽ ሊቀንስ ይችላል። አልጋ ላይ ተጋድሞ መሥራትም እንቅልፍንም ወገብንም ያበላሻል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይመከራል፤ ደብረ ብርሃን ሰፊ ሜዳ አላት፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ደስ ይላል።

ታሞ መሥራት

ቢሮ የሚሄድ ሰው ሲታመም ይቀራል። ቤቱ የሚሠራ ፕሮግራመር ግን እያተኮሰው ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ አለቃውም መታመሙን አያውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። በግል ውል የሚሠሩ ሰዎች ይህ ስለማይመለከታቸው የሕመም ቀናትን ውላቸው ውስጥ ቢያስገቡ መልካም ነው። መተንፈስ ያቃተው፣ ደረቱን አጥብቆ የሚያመው ወይም መቀባጠር የጀመረ ሰው ግን ማስረጃም ውልም ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ሰው ታሞ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ደመወዙን ፈርቶ ብቻ አይደለም። ሲስተሙን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ጤነኛ ሳሉ ነው የሚዘጋጀው፦ ኮዱን በየቀኑ ሁሉም ወደሚያገኘው ማከማቻ መላክ፣ ሲስተሙ እንዴት እንደሚነሣ በአንድ ገጽ መጻፍ፣ የይለፍ ቃሎችን ቡድኑ በሚጠቀምበት የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ማኖር፣ አንድ ባልደረባም እያንዳንዱን ሥራ አንድ ጊዜ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ።