የደንበኞች ዜና መልእክታችንን ወደ ፖስት ካርድ በማዛወር ወጪውን እንዴት እንደቀነስን

ለደንበኞቻችን በየጊዜው የምንልከው ባለአራት ገጽ የዜና መልእክት የሕትመት፣ የፖስታና የቴምብር ወጪው እየከበደ በመምጣቱ ሥራው ሊቋረጥ ተቃርቦ ነበር። ችግሩን የፈታነው መልእክቱን በፖስት ካርድ በመላክ ነው፤ ካርድ ማጠፍና ማሸግ አይጠይቅም፣ በአንዳንድ አገሮችም የመላኪያ ዋጋው ከደብዳቤ ያነሰ ነው።

ብዙ ድካም የጠየቀው ጽሑፉን ማሳጠሩ ነበር። 105 በ148 ሚሊ ሜትር በሆነ የኤ6 ካርድ ላይ አራት ገጽ ስለማይገባ፣ በእያንዳንዱ ዕትም አንድ ጉዳይ ብቻ፣ ያውም ደንበኛው ወዲያውኑ የሚጠቀምበትን እንመርጣለን፤ ዝርዝሩን የሚሻ አንባቢ ካርዱ ላይ በታተመው የኪውአር ኮድ አማካይነት ሙሉውን ጽሑፍ ያገኛል። በእኔ እምነት ይህ ገደብ ጽሑፋችንን በእጅጉ አሻሽሎታል፤ ካርዱ ያለ መሸፈኛ ስለሚደርስም ርእሱ ገና እጅ እንደገባ ይነበባል። በዚያው ምክንያት ግን የደንበኛው ሒሳብ፣ ዕዳ ወይም ሌላ የግል መረጃ ፈጽሞ ሊጻፍበት አይገባም።

አንጸባራቂ ሽፋን ቀለምና ማኅተም በደንብ ስለማይዝ፣ የሥዕሉን ገጽ ብቻ አስለብሰን የአድራሻውን ገጽ ያለ ሽፋን ተውነው፤ የዚህን ገጽ ቀኝ ግማሽም ለአድራሻና ለቴምብር ብቻ ለየነው። የላኪው አድራሻ መኖሩ ተመላሽ በሚሆኑት ካርዶች አማካይነት የአድራሻ መዝገቡን ለማረም ረድቶናል። ከተፈቀደው መጠን ያለፈ ካርድ በደብዳቤ ዋጋ ሊታሰብ ስለሚችል፣ ሙሉው ሕትመት ከመጀመሩ በፊት ናሙናውን ለፖስታ ቤት ማሳየት አስፈላጊ ነው።